ከምንጩ በላይ ያለው ጉብታ

ቶፒካ፣ ካንሳስ
ማርች 13፣ 1887

ለክቡር ዳኛ አምብሮዝ ቲለሪ
ሃርላን ስፕሪንግስ፣ ጆርጂያ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ጤንነቴ በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ፤ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሆልት ባለፈው ክረምት ስላረፈ ለእሱ የላኩት ሰላምታ አልደረሰውም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተከራይ የሞላበት ቤት የማስተዳድር ሴት ነኝ፤ ቁጭ ብዬ ብዕር የማነሣው እሑድ ብቻ ነው።

በዳኝነቱ ላይ የአውራጃችንን ታሪክ ለመጻፍ መነሣትዎን ስሰማ አልገረመኝም። በልጅነትዎም ጥያቄ አያልቅብዎትም ነበር። መልሱን የሚያስታውሰው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። ይኸው በዚህ ዕድሜያችንም አልተላቀቅንም።

ምንጩን በድንጋይ የገነባው አባትዎ አይደሉም። አባትዎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩ ነበር። የገነባው የእናንተ ባሪያ የነበረው አያቴ ካቶ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ከነመዝገቡ የነደደው በጦርነቱ ጊዜ በሰሜኖቹ ወታደሮች እጅ ሳይሆን ጸሐፊው ሰክሮ ፋኖስ ስለጣለ ነው። ይህንን እንደማይጽፉት አውቃለሁ፤ ስለጠየቁኝ ግን ነገርኩዎ። የቀረውን በሌላው ወረቀት ላይ ያገኙታል።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ወንድሜ ጊዲዮን የባቡር ኩባንያ ሰዎች ካስማ እየተከሉ ከምንጩ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጡ ብሎ ጽፎልኛል። ጉብታው ላይ ማን እንደተኛ እርስዎ ያውቃሉ። እኔንና እርስዎን በአንድ ዘመን ያጠባችው እናቴ ኪዚያ እዚያ ናት። አባቴም፣ በሕፃንነታቸው የሞቱት ወንድሞቼም እዚያ ናቸው። ይህ ነገር ምንድን ነው?

አክባሪዎ
ቴምፐራንስ ሆልት


ሃርላን ስፕሪንግስ
ኤፕሪል 2፣ 1887

ውድ ቴምፒ፣

ደብዳቤሽ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ልነግርሽ አልችልም። በሆልት ማረፍ ከልብ አዝኛለሁ። የማስታወስ ችሎታሽ እንደ ድሮው ነው፤ በሌላው ወረቀት ላይ የጻፍሽልኝን የጎርፉን ታሪክ እንዳለ ወስጄ በምዕራፍ ሦስት አስገብቼዋለሁ። ስምሽን አልጠቀስኩም። አንባቢዎቼ ታሪኩን የነገረኝ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይወዳሉ፤ መልሱን ግን ሁሉም አይወዱትም።

እኛ ደህና ነን። ኮኩ ዘንድሮ ቀድሞ አብቧል፤ ውርጭ ካልመታው ሸክሙን አይችለውም። እህቴ ላቪኒያ እንደምታውቂያት ናት። ያለ እሷ ይህ መጽሐፍ አይወለድም ነበር። ለራሷና ለዘመዶቻችን ሁሉ አስቀድማ አዝዛለች። ሳሎኗ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ቦታ አዘጋጅታለታለች፤ አንዱን እያነበብኩ ሌላውን ብሳሳት እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ትላለች።

ተጠርዞ እስኪወጣ አላስችል ስላለኝ የታተሙትን ጥቂት ገጾች ልኬልሻለሁ። ደስ እንደሚሉሽ አልጠራጠርም። ያንቺም አገር ታሪክ ነው።

ስለ ጠየቅሽኝ ሌላው ነገር፣ ፍርድ ቤት ፊት ሊቀርብ ይችላል በሚባል ጉዳይ ላይ ዳኛ አፉን መክፈት እንደማይገባው አንቺም ትረጂያለሽ። ባቡር ጣቢያ ግን ለከተማችን ክብር ነው።

የድሮ ወዳጅሽ
አምብሮዝ ቲለሪ


ቶፒካ
ሜይ 8፣ 1887

ክቡር ዳኛ፣

የላኩልኝን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሁለተኛው ዓይኔን ባለማመን ነው። ገጽ ስልሳ አንድ እንዲህ ይላል፦ «ከምንጩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ የሳህንና የብርጭቆ ስብርባሪ ክምር ይታያል። የባሪያዎቹ ሰፈር ቆሻሻ መጣያ ነበር። ከዚህ በቀር በሥፍራው የሚጠቀስ ነገር የለም።»

የሚጠቀስ ነገር የለም።

እርስዎ ማለቱን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከአንድ ጡት ከጠባሁት ሰው ጋር እስከ ዛሬ እንዲያ የተነጋገርኩት አስተዳደጌ ይዞኝ ነው። አስተዳደጌ ደግሞ እናቴ ናት፤ እሷን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥለሃታል።

ያ ስብርባሪ ምን እንደሆነ ሌላ ነጭ ቢጠይቀኝ ቁጭ ብዬ አስረዳው ነበር። ሟች በመጨረሻ የነካውን ዕቃ መቃብሩ ላይ እናኖራለን፤ ስኒውን፣ ሳህኑን፣ ፋኖሱን። ሞት ዞሮ ወደ ቤቱ እንዳይመጣ የዕቃውን ቂጥ ሰብረን ነው የምናኖረው። ከዚያ ያነሣው ሰው ሟቹን ከነቁጣው ወደ ደጁ ጠራ ማለት ነው። አንተ ግን ይህን ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልግህም። እናቴ በመጨረሻ ውሃ የጠጣችበትን ነጩን ማንቆርቆሪያ፣ ሰማያዊ ሐረግ ያለበትን፣ ከእናትህ መመገቢያ ክፍል ሰርቀህ ያመጣኸው አንተ ነህ። ስትሞትም ጉብታው ላይ ይዘኸው ወጣህ። «እኔ ልስበረው፣ የእኔም እናት ናት» አልክ። በድንጋይ ስትመታው አውራ ጣትህን ቆረጠህ። ጠባሳው ካልጠፋ ይህን ደብዳቤ የያዝክበት እጅ ላይ አለ፤ እየው።

እናትህ «ማንቆርቆሪያዬ የት ገባ?» ስትል የተገረፍኩት እኔ ነኝ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበርክ፣ ልጅ አልነበርክም። ዝም ማለት ያኔም ትችልበት ነበር።

ጊዲዮን የጻፈልኝን ደግሞ ስማ። የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን መቃብራችን አይነካ ብለው ከሰዋል። የኩባንያው ጠበቃ ያችን ገጽ ከፍ አድርጎ «ይህ የእኔ ቃል አይደለም ጌቶቼ፣ የአውራጃችን ታሪክ ጸሐፊ ቃል ነው» ብሏል። ጊዲዮን «ጸሐፊው እኮ ያው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሳቸውን ይጠይቋቸው» ቢል «ፀጥታ!» ብለህ አስቀመጥከው። ጸሐፊው አንተ፣ ዳኛው አንተ፣ ምስክሩ መጽሐፍህ። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ሰይጣንም አላቋቋመም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አንተ ግን አልረሳህም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ቴምፐራንስ ሆልት


ሃርላን ስፕሪንግስ
ጁን 1፣ 1887

ቴምፒ፣

ደብዳቤሽን ለማንም አላሳየሁም፤ ይህንን እንደ ውለታ ቁጠሪልኝ። እንደዚያ ባለ ቋንቋ የጻፈልኝ ሰው የለም። ጉልበትሽ ያምሽ እንደነበር አስታውሼ በሕመም አመካኝቼዋለሁ።

ነገሩን ረጋ ብለሽ እዪው። ታሪክ ጸሐፊ መዝገብ ያየውን ይጽፋል። መዝገብ ደግሞ የለም፤ ተቃጥሏል። አባቴ ጉብታውን ለእናንተ ሰዎች ስለመስጠቱ የሚናገር አንድም ወረቀት አልተገኘም። በቃል ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ቃል ግን በሕግ ፊት እንደምታስቢው አይደለም። እኔም በገዛ ችሎቴ ልመሰክር አልችልም።

ዋናው ነገር ደግሞ አንቺ ካንሳስ ነሽ። እዚህ ያለውን ሁኔታ አታውቂውም። ሰዎች ይህን ሐዲድ ሲጠብቁ ኖረዋል። ጊዲዮን ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ለራሱ ይሻለዋል። ይህን የምልሽ ስለምወደው ነው።

ልቤ ግን አላስቻለኝም። አንድ መፍትሔ አስቤያለሁ፣ ከላቪኒያም ጋር ተከራክሬ አሳምኛታለሁ። የኪዚያን አጥንት በራሴ ወጪ አስወጥቼ በቲለሪዎች መካነ መቃብር፣ በእናቴ እግር ሥር አሳርፈዋለሁ። የብረት አጥር ያለበት ነው። በዚህ አውራጃ ለማንም ያልተደረገ ክብር ነው። አሁንስ ደስ ይልሻል?

አምብሮዝ


ቶፒካ
ጁን 19፣ 1887

አምብሮዝ፣

በእናትህ እግር ሥር? በሙታን ትንሣኤ ዕለት ስትነሣ ጫማዋን እንድታቀብላት ነው?

እናቴን ከባሏና ከልጆቿ ነጥሎ መውሰድ ከቲለሪዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ሞታ እንኳ አትፈቷትም። አጥርህን ለላቪኒያ አቆየው። ከቦታዋ ብታነሣት እኔ ራሴ በዚህ ጉልበቴ መጥቼ መልሼ እቀብራታለሁ።

ወረቀት አልተገኘም አልክ። አባትህ በፈረስ ላይ ሆኖ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ «ይህ ጉብታ የእናንተ ነው፤ እኔም ልጆቼም አናርሰውም» ሲል ልጓሙን የያዘው ማን ነበር? ወረቀቱ አንተ ነህ። አልተቃጠልክም፤ ቁርስህን በልተህ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል።

በገዛ ችሎቴ መመስከር አልችልም ላልከው፣ እውነት ነው፣ አትችልም። ስለዚህ ከወንበሩ ውረድ። ጉዳዩን ለጎረቤት አውራጃ ዳኛ ስጠው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጅህን ጫን፣ የሰማኸውን ተናገር። የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ እኔን ድሮም ትተኸኛል።

ጊዲዮንን በተመለከተ ደግሞ፣ ስለምወደው ነው አልክ። ማስፈራሪያህን በፍቅር አትጠቅልልብኝ። ሽታው ይወጣል።

ቴምፐራንስ ሆልት


ሃርላን ስፕሪንግስ
ኦገስት 27፣ 1887

ቴምፒ፣

መልስ ለመጻፍ ብዙ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ችሎቱም አላሳረፈኝም። ጥጡ ጥሩ ይዟል። መጽሐፉ ተጠርዞ መጥቷል፤ ቡናማ ቆዳ ነው፣ ፊደሉ በወርቅ። በዚህ ከተማ መጽሐፉ የሌለበት ጥሩ ቤት የለም። አንዱን ልኬልሻለሁ።

ጉዳዩ ተቆርጧል። ሕጉ የሚለውን ወሰንኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። ጊዲዮን ደህና ነው።

አንድ ነገር እንድትረጂኝ እፈልጋለሁ። ኩባንያው ጉብታውን ለመደልደል ሠራተኛ አጣ። ሠራተኞቹ ጉብታው ሥር ይደርሱና አካፋቸውን መሬት ላይ ተክለው ይቆማሉ። አንደኛው ለአለቃው ምን አለው መሰለሽ፦ «ጌታው፣ ዛፍ ጣል ካልከኝ እጥላለሁ፣ ድንጋይ ፍለጥ ካልከኝ እፈልጣለሁ። የሙት ሳህን ግን አላነሣም። እስቲ አንተ የመጀመሪያውን አንሣና ነገ በሕይወት ካየሁህ እመጣለሁ።» ነጮቹን ቢያመጡ እነሱም ሆድ ቁርጠት ያዘን አሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ የባቡር ኩባንያ በሸክላ ስብርባሪ ቆመ! የኩባንያው ሰዎች ወደ እኔ እየመጡ ነው።

ምእመናኑ አንቺን ይሰሙሻል። የኪዚያ ልጅ ነሽ። ለጊዲዮን አንድ ቃል ብትጽፊለት፣ ዕቃውን ራሳቸው ምእመናኑ በክብር አንሥተው ሌላ ቦታ ቢያኖሩት ነገሩ በሰላም ያልቃል። ስለ ድሮው ጊዜ ብለሽ።

አምብሮዝ


ቶፒካ
ሴፕቴምበር 11፣ 1887

ዳኛ ቲለሪ፣

ጊዲዮን ደህና ነው ብለህ ጻፍክልኝ። ፍርዱ በተሰጠ ሳምንት ጎተራው ከነበቆሎው፣ ከነበቅሎው መቃጠሉን ከአንተ ሳይሆን ከሚስቱ ሰማሁ። ጭሱ ከአንተ በረንዳ ይታያል። ደህና ነው የምትለው አልሞተም ለማለት ከሆነ አዎ፣ አልሞተም። ያቃጠሉት ሰዎች ያን ሌሊት በሩ ላይ ቆመው «ዳኛው ራሱ ቆሻሻ ነው ብሎልሃል፤ አንተ ማነህና መቃብር ትላለህ?» ነው ያሉት። መጽሐፍህን አንብበውታል። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እርዳታ ጠየቅከኝ። ደብዳቤህን ለተከራዮቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳህን አጠባውን ለሌላ ሰጥቼ ብዕር አነሣሁ።

ለጊዲዮን አልጽፍም። የምጽፈው ለአንተ ነው። ጉብታው ላይ ያለው ቆሻሻ ነው ብለህ በወርቅ ፊደል አሳትመሃል፤ ቆሻሻ ነው ብለህ ፈርደሃል። እንግዲያስ ቆሻሻን ማንሣት ምን ይከብዳል? ሌላ ሰው ለምን ትፈልጋለህ? ውጣና አንሣው። ከነጩ ማንቆርቆሪያ ጀምር። ከግራ በኩል ሦስተኛው ነው፣ ታውቀዋለህ።

ቴምፐራንስ ሆልት


ሃርላን ስፕሪንግስ
ኖቬምበር 20፣ 1887

ለወይዘሮ ቴምፐራንስ ሆልት፣

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉብታው ላይ በወጣሁበት ሐሙስ ስለሆነው ነገር ጊዲዮን ጽፎልሽ ይሆናል፤ እኔ አልደግመውም።

ፍርዴን ራሴ ሽሬ ጉዳዩን ለጎረቤት አውራጃ ዳኛ አስተላለፍኩ። ችሎቱ ማክሰኞ ተሰየመ። ማልኩ። ስለ አባቴም፣ ስለ ልጓሙም፣ ስለ ማንቆርቆሪያውም ተጠየቅኩ፣ መለስኩ። የኩባንያው ጠበቃ የገዛ መጽሐፌን ገልጦ «ታዲያ ይህንን የጻፈው ማን ነው?» ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩ። «ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?» አለኝ። ያኔ አልኩ። ሰዉ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሐዲዱ ጉብታውን ትቶ በእግሩ ሥር እንዲዞር ተወስኗል። ጉብታው በምእመናኑ ስም ተመዝግቧል። በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ ነግረውኛል፤ የነገሩኝ በትህትና አይደለም። ጊዲዮን አዲስ ጎተራ እየሠራ ነው። እንጨት ልኬለት መለሰው። ላቪኒያ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ አላነጋገረችኝም።

መጽሐፉን በተመለከተ ማስተካከያ አሳትሜያለሁ። በመጽሐፉ ጀርባ የሚለጠፍ ቁራጭ ወረቀት ነው። አንዱን እዚህ ውስጥ ታገኚዋለሽ። አሁን ልብሽ ያርፍ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አምብሮዝ ቲለሪ


ቶፒካ
ዲሴምበር 4፣ 1887

አምብሮዝ፣

ጊዲዮን ጽፎልኛል። ወጣህ አለኝ፣ አለቃውና ሠራተኞቹ፣ የእኛም ሰዎች ቆመው እያዩህ። ጎንበስ አልክ፣ እጅህን ዘረጋህ፣ እንደዚያው ቀረህ። ወገቡ ተቆልምሞ ነው ብለን ልንደግፈው ነበር ይላል። ከዚያ እንዳጎነበስክ «ይህንን እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልክ። ደብዳቤው ላይ ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። እናቴ ቦታዋ ላይ ናት። ለእሱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አንተን ለማመስገን ግን አፌን ብከፍት ቃሉ አልመጣልኝ አለ። ዕዳህን ከፈልክ እንጂ ስጦታ አልሰጠኸኝም፤ የጊዲዮን በቅሎም ከሞት አልተነሣችም።

ቁራጭ ወረቀትህን አየሁት። «ገጽ 61፣ ‘ቆሻሻ መጣያ’ የሚለው ‘መቃብር’ ተብሎ ይነበብ።» የማን መቃብር? ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የአባትህን ፈረስ ስም ጽፈሃል። ገጽ ሠላሳ ላይ ድብ ያባረረውን ውሻ ስም ጽፈሃል፤ ጥሩ ውሻ ነበር፣ አስታውሰዋለሁ። ያጠባችህ ሴት ከፈረስና ከውሻ በታች ናት?

ደግሞስ የሚለጠፈው በጀርባ ነው። ማን ይለጥፈዋል? ላቪኒያ? አንተና እኔ ነገ እንሞታለን። የመሰከርከው ቃል የሰሙት ሰዎች ሲሞቱ አብሮ ይሞታል። መጽሐፍህ ግን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ተቀምጦ ለልጅ ልጆቻቸው ቆሻሻ ነው እያለ ይኖራል። ያኔ ሌላ ኩባንያ ይመጣል፣ ሌላ ጠበቃ ያችን ገጽ ያነሣል።

እኔ የላክልኝን መጽሐፍ አውጥቼ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ መስመሩን በቀለም ሰርዤ «እዚህ ኪዚያ፣ ባሏና ልጆቿ፣ ከነሕዝባቸው ተኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ ካንተ ያምራል፤ ድሮም የቤት ሥራህን የምጽፍልህ እኔ ነበርኩ። አሁን ግን የራስህን ሥራ ራስህ ሥራ። መጽሐፉ የሌለበት ጥሩ ቤት የለም ብለኸኛል። ሰረገላ አለህ፣ ፈረስ አለህ፣ ወንበሩም ቢሆን ሊለቅህ ነው። ቀለምህን ያዝና በር እያንኳኳህ መጽሐፉን አምጡልኝ በል፤ እያዩህ ሰርዝ፣ እያዩህ ስሟን ጻፍ።

ከላቪኒያ ቤት ጀምር።

ቴምፐራንስ


ሃርላን ስፕሪንግስ
ዲሴምበር 17፣ 1887

ለእህቴ ለቴምፐራንስ፣

ከላቪኒያ ቤት ጀመርኩ። በመስኮት አይታኛለች፤ በሩን ግን አልከፈተችልኝም። በረንዳው ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ነገም እሄዳለሁ።

አምብሮዝ